በሐምሌና በነሐሴ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር፦ ዛንዚባር፣ ዲያኒ፣ ሲሼልስ ወይስ አትላንቲክ?

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ዶፉ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ፀሐይና ባሕር ያምረዋል። ትኬት ሲታሰብ ግን ብዙዎች የሚጀምሩት ከሆቴሉ ፎቶና ከዋጋው ነው። ፎቶው በጥር የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ያው ዳርቻ በሐምሌ የባሕር አረም ለብሶ ወይም ሞገድ ሲመታው ይገኛል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በዚያ ወር፣ በዚያ ባሕር ላይ የትኛው ነፋስ እንደሚነፍስ ነው። ቀጥሎ ከደሴቱ የትኛው ጎን ከነፋሱ እንደተከለለ ይታያል። ሆቴል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

አውሎ ነፋሱ በዚህ ሰሞን የት ነው?

አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን የሚባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ የሚጠነክረው ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ገደማ በሞቀ የባሕር ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ወቅቱ እንደ ባሕሩ ይለያያል። ካሪቢያንን፣ ፍሎሪዳንና የሜክሲኮዋን ካንኩን በሚያጠቃልለው አትላንቲክ ወቅቱ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ የሚከፋው ከነሐሴ 10 ገደማ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ሲሆን፣ ቁንጮው ጳጉሜ 5፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ይውላል። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ከኅዳር 6 እስከ ሚያዝያ 22 ነው፤ ለሲሼልስና ለሞሪሸስ እስከ ግንቦት 7 ይራዘማል። በ2016 ዓ.ም. ታንዛኒያን የመታው ሂዳያ የተባለው ሳይክሎን የደረሰው በሚያዝያ ማብቂያ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ከምድር ወገብ በታች ቀዝቃዛው ወራት ስለሆነ የሳይክሎን ስጋት እዚያ የለም ለማለት ይቻላል።

ብዙዎቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች የሚጀምሩት ከአፍሪካ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች ነው። የሞገዶቹ መነሻ የሚፈለገውም ከእኛው ደጋና ከዳርፉር ተራሮች አካባቢ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ የሚያጓራው የነሐሴ ነጎድጓድ ከካሪቢያን ማዕበል ጋር ሩቅ ዝምድና አለው።

ዛንዚባር

ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ለሚያይ ቤተሰብ በዚህ ሰሞን ምርጫችን ዛንዚባር ነው፤ ግን ሰሜን ምዕራቡ ብቻ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የማይበዛባቸው፣ ሙቀቱም የማያስጨንቅባቸው ወራት ናቸው። ሆኖም ስዋሂሊዎች ኩሲ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ፊታቸው ለዚህ ነፋስ ክፍት ነው፤ ነፋስ በሚጎትተው ካይት ለሚንሳፈፉ ስፖርተኞች ገነት ነው፣ ልጅ ይዞ ለሚዋኝ ግን አይመችም። ኑንግዊና ኬንድዋ ግን በደሴቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ከነፋሱ ስለተከለሉ ውሃው ይረጋል።

ሁለተኛው ነገር የባሕሩ መሸሽና መመለስ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ 4 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በነዚያ ቀናት ውሃው የሚጎድለው ረፋድ 4 እና 5 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ሰው ሁሉ መዋኘት በሚፈልግበት ሰዓት ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ያኔ ውሃው መቶዎች ሜትሮች ይሸሻል፤ የሚቀረው አሸዋ፣ አረምና እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ያለ ጎማ ጫማ የሚራመድ ሰው እሾህ ይዞ ይመለሳል። በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ውሃው ጎድሎም መዋኘት ይቻላል። የግድ ምሥራቁ ከሆነ ጉዞውን ግማሽ ጨረቃ ላይ ያድርጉት፤ ልዩነቱ ያኔ ያንሳል።

ወጪው ላይ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ለውጭ ጎብኚ ግዴታ የሆነው የዛንዚባር የራሱ የጉዞ መድን ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ከሌላ ቦታ የተገዛ መድን አይተካውም። ሁለተኛው የመኪና ኪራይ ነው፤ ከአየር ማረፊያው እስከ ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሆቴሉ ዋጋ መኪናውን ይጨምር እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ዲያኒ (ሞምባሳ)

ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው የኬንያው ዳርቻ፣ የዲያኒ፣ ትልቁ ጥቅም ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በረራውም አጭር ነው። ነገር ግን ዳርቻው በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ኩሲ ይደርሰዋል፦ ውሃው ይደፈርሳል፣ አረም ዳርቻው ላይ ይከመራል፣ ለጠላቂዎች የውሃ ውስጥ እይታ ይቀንሳል። ኮራሉ ራቅ ብሎ ሞገዱን ስለሚሰብር ከኮራሉ ወዲህ ያለው ውሃ ለልጆች ጥልቀቱ መጠነኛ ነው። ከሐምሌ ይልቅ ነሐሴ ማብቂያና መስከረም ይሻላሉ።

የሚያሰለቸው መንገዱ ነው። የሞምባሳ አየር ማረፊያ መኪና ከሚያሻግረው ከሊኮኒ ጀልባ ወዲህ፣ ዲያኒ ከጀልባው ወዲያ ናቸው፤ ሰልፉ ሲረዝም ሰዓት ይበላል። ሹፌሩ በዶንጎ ኩንዱ በኩል ያለውን፣ ጀልባ የማያስፈልገውን አዲሱን መንገድ እንዲይዝ አስቀድመው ይስማሙ። ሞምባሳ የወባ አገር ነው፤ እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለች፣ ወባ ከሌለባት ከተማ ነው የምንሄደው። ሐኪም ጠይቆ የመከላከያ ክኒን መያዝና አጎበር ያለው ክፍል መጠየቅ ይገባል።

ሲሼልስ

ገንዘቡ ላለውና ጸጥታ ለሚፈልግ። ቪዛ የሚባል ነገር የለም፤ ሆኖም ከመብረር በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ይወሰዳል፣ የመመለሻ ትኬትና የተከፈለ ማረፊያም ይታያል። ነፋሱ እዚህም ከደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ያለውን ቦ ቫሎን፣ በፕራለን ደግሞ አንስ ላዚዮን ይምረጡ። በማሄም ሆነ በላ ዲግ ግራንድ አንስ የሚባሉት ዳርቻዎች በዚህ ሰሞን ሰው የሚጎትት ጅረት አላቸው፤ ለፎቶ እንጂ ለዋና አይሁኑ። በማሄና በፕራለን መካከል ያለው ጀልባ በነሐሴ ክፉኛ ስለሚናወጥ የማቅለሽለሽ ክኒኑ የሚዋጠው ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።

አትላንቲክ

ወደ ዋሽንግተን ዘመድ ጥየቃ ሄደው ጥቂት ቀን ፍሎሪዳ ወይም ካንኩን ለመጨመር ለሚያስቡ ስሌቱ ሌላ ነው። ሰኔና ሐምሌ ከነሐሴና ከመስከረም በእጅጉ ይሻላሉ፤ ቢሆንም ዋስትና አይደሉም። ቤሪል የተባለው ሃሪኬን በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከአምስቱ ደረጃዎች የመጨረሻው ላይ ደርሷል፤ ያ ደረጃ በሰዓት 252 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ ነው። በነሐሴ ካሪቢያን ካልቀረ አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳው ወደ ቬንዙዌላ ተጠግተው ከዋናው የሃሪኬን መንገድ በደቡብ ስለሚገኙ ከሌሎቹ ይመረጣሉ።

ገንዘብ የሚጠፋው በአብዛኛው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መድን የሚገዛው ዘግይቶ ነው፤ አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ መድን ያንኑ አውሎ ነፋስ አይሸፍንም፤ መግዛት ያለብዎት ትኬቱን በቆረጡበት ሳምንት ነው። ሁለተኛ፣ ርካሽ ነው ተብሎ ተመላሽ የሌለው ክፍል ይያዛል፤ በዚህ ወቅት ትንሽ ጨምሮ መሰረዝ የሚቻለውን መያዝ ያዋጣል። ሦስተኛ፣ የዋሽንግተን–ካንኩን ትኬት ለብቻው ሲቆረጥ፣ እሱ ቢሰረዝ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው ትኬት አይጠብቅም፤ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ክፍት ይተዉ። ቪዛዎ ለስንት ጊዜ መግቢያ እንደሆነም ከአሜሪካ ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ትንበያውን ለመከታተል የማያሚው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል በቂ ነው። አውሎ ነፋስ ሲኖር በየስድስት ሰዓቱ ያሳውቃል፤ በበጋው የአሜሪካ ሰዓት ሲቆጠር በእኛ 6 ሰዓትና 12 ሰዓት፣ ቀንም ሌሊትም ማለት ነው። ካርታው ላይ የሚታየው ነጭ ሾጣጣ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ያሳያል፤ ዝናቡና ነፋሱ ከሾጣጣው ውጭም ይደርሳሉ። ከአደጋ ክትትል ማስታወቂያ እስከ ብርቱው ነፋስ 48 ሰዓት ያህል፣ ከማስጠንቀቂያ ደግሞ 36 ሰዓት ያህል አለ። ለቀው የሚወጡት በመጀመሪያው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ መቀመጫም ነዳጅም ያጥራል። አውሎ ነፋሱ ሩቅ ባሕር ላይ ሆኖ ሰማዩ ጥርት ቢልም ሞገዱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ይፈጥራል። ጅረቱ ከያዘዎት ወደ ዳርቻው አይታገሉ፤ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝተው ከጅረቱ ይውጡና ከዚያ ይመለሱ።

ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ በባቡርም ይደረሳል፤ በሐምሌ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይቆይ፤ የዓሣ ነባሪ ሻርኮቹም የሚመጡት ያኔ ነው።

ወረቀትና ጾም

ለታንዛኒያ፣ ለኬንያና ለሲሼልስ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በጉዞው ዋዜማ መከተብ ስለማይጠቅም መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። የታንዛኒያ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል። የውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉት ባንኮች ፓስፖርት፣ ትኬትና ቪዛ ስለሚያዩ እነዚህ ሳይሟሉ መሄድ ድካም ነው። ኬንያም ታንዛኒያም ፌስታል ስለከለከሉ ሻንጣ ውስጥ ያለውን አውጥተው ይሂዱ።

ፍልሰታን ለሚጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጊዜ ሆቴል ውስጥ ያስቸግራል፤ አትክልት ብቻ ሲባል ዓሣና እንቁላል ይዘው የሚመጡ አሉ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ብለው አንድ በአንድ ይንገሩ። በስዋሂሊው ጠረፍ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ሩዝ በየቦታው ስለሚገኝ ጾመኛ አይራብም።

ቪዛው ካልደረሰ ላንጋኖ አለ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ክፍያው በብር ነው፤ ውሃው ቡናማ የሆነው በውስጡ ባለው ደለልና ማዕድን እንጂ በቆሻሻ አይደለም። በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ዋናው ጠዋት ይሁን።