ከስምንት ወር በኋላ፦ ቤንዚን ያሰከረው ጄኔሬተሬ
መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛ ከበር ሲመለስ ማየቱ ቢያንገበግበኝ፣ ባለፈው መጋቢት ለፎቶ ኮፒ ቤቴ በቤንዚን የሚሠራ ጄኔሬተር ከአዲስ አበባ ገዝቼ ደብረ ብርሃን አመጣሁ። ካርቶኑ ላይ 2.8 ኪሎ ዋት ይላል። በአንድ ስበት ይነሣል፤ ድምፁም ከጎረቤት አያጣላም። ያንገሸገሸኝ ጭሱ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ስፈታው ጫፉ የድስት ቂጥ መስሏል። ሻጩ ዘንድ ብደውል «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሠራ ይለቅቀዋል» አለኝ። አራት ወር ጠበቅሁ። የለቀቀው ግድግዳዬ ላይ ጥላሸት ነው።

በመጨረሻ አንድ የሞተር ብስክሌት መካኒክ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ጠረጴዛዬ ላይ ፈታልኝ። ከሥር ያለችው ሳህን ቤንዚን ትይዛለች፤ ተንሳፋፊው እንደ መጸዳጃ ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ከላይ የአየሩ መተላለፊያ መሐሉ ላይ ይጠብባል። አየሩ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቤንዚኑም በአንዲት የናስ ብሎን ቀዳዳ ተመጥጦ ከአየሩ ጋር ይረጫል። ጠቡ ከዚያች ቀዳዳ ጋር ነበር። አንድ ግራም ቤንዚን በወጉ እንዲነድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቀዳዳዋ የተለካችው ግን ለቆላ አየር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ አየሯ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚመጠጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ካርቡሬተር አየሩን አይመዝንማ! ለካ አራት ወር ሙሉ ሞተሩን ሳይርበው ሳጎርሰው ኖሬያለሁ።

መካኒኩ 75 የሚል ቁጥር ያለባትን ብሎን አውጥቶ 70 የሚለውን አስገባ። የቀዳዳዎቹ ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር፣ አንዲት ፀጉር ብታክል ነው። «ጋሼ፣ ያስነሡት» አለኝ። ጭሱ የለም። በ5 ሊትር አምስት ሰዓት ሠርቶ የማያውቀው ጄኔሬተር አሁን ስድስት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ሻጩ ቢሰማ «ታዲያ ዕቃው ጥሩ አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ዕቃውማ ጥሩ ነው፤ ዝም ያልከው አንተ ነህ! ብሎኗ ብትለወጥም እንኳ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይጎድላል። 2.8 ብዬ የከፈልሁበት እዚህ ሁለት አይሞላም፤ ፎቶ ኮፒው ሲሞቅ ማተሚያውን ማጥፋት አለብኝ። ይህን ባውቅ ኖሮ ከፍ ያለውን እገዛ ነበር።

አሮጌዋን ብሎን በክብሪት ቀፎ አስቀምጫለሁ። የባለቤቴ ወንድም ለጥር ሠርግ ጄኔሬተሩን ሸዋ ሮቢት ላውርደው ብሎ ለምኖኛል። እዚያ ቆላ በ70 ቢነሣ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ስለዚህ ከጄኔሬተሩ በፊት የክብሪት ቀፎውን አስጨበጥሁት።