የመኪና ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ መጨመር ወይስ ፍሳሹን ፈልጎ እንደ አዲስ መሙላት?

የአዳማ ሙቀት ሲበረታ ብዙው ሹፌር በቀጥታ «ጋዝ ጨምርልኝ» ይላል። መጀመሪያ ግን ይህን ይዩ፦ ሲነዱ የሚቀዘቅዝ፣ ሲቆሙ የሚሞቅ ከሆነ የሚጠረጠረው ፋኑ ወይም አቧራ የደፈነው ኮንደንሰር (ከፊት ያለው የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣ ራዲያተር መሳይ ክፍል) ነው።

መጨመር ፈጣንና ርካሽ ነው። ችግሩ፣ ውስጥ ስንት ግራም እንደቀረ ጌጅ (የግፊት መለኪያው) አይናገርም። ትንንሽ አውቶሞቢሎች ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም አር134ኤ የተባለውን የኤሲ ጋዝ ይይዛሉ፤ ትክክለኛው ልክ ኮፈኑ ስር ተለጥፏል። ትርፍ ሲገባ የከፍተኛ ግፊቱ መስመር ግፊት ከልክ በላይ ይጨምርና ቅዝቃዜው ጭራሽ ይቀንሳል። ቀዳዳው ካልተደፈነ ደግሞ የተጨመረው ጋዝ የማለስለሻ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ጋዙን የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር የሚገድለው ይሄ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። የቀረው ጋዝ በማሽን ይሰበሰባል፤ መስመሩ በናይትሮጅን ተሞልቶ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። ቅባት ወጥቶበት አቧራ የለበሰ መጋጠሚያ ካለ ከዚያ ይጀመር። ኦሪንጉ (የመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት) ከተቀየረ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪዩም ይደረጋል፤ ማለትም የውስጡ አየር በፓምፕ ይሳባል። እዚህ ላይ ፓምፑን በከንቱ የሚወቅስ አይጠፋም፦ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ጌጁ መመሪያው የሚለው 29 ኢንች (የቫኪዩም መለኪያ) ላይ አይደርስም፤ 24 አካባቢ ይቆማል። ፓምፑ ጠፍቶ 15 ደቂቃ መርፌው ንቅንቅ ካላለ ጋዙ በሚዛን ይገባል።

በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ለደከመ ኤሲ መጨመር ያዋጣል፤ በወራት ካለቀ ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በሁለቱም መንገድ፣ ሚዛን የሌለውን ጋራዥ ይለፉት።