ማስቲካ ለማስለቀቅ፦ በረዶ ወይስ ዘይት?

ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ስትሄዱ የታክሲ ወንበር ላይ የነበረ ማስቲካ ሱሪያችሁ ላይ ተለጠፈ እንበል። እባካችሁ በጥፍር አትፋቁት። ገና ለስላሳ ስለሆነ ይለጠጥና ክሩ ውስጥ ይገባል።

ለጨርቅ እኔ በረዶን እመርጣለሁ። ማስቲካ ጎማነት ስላለው ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ሱሪውን ማስቲካው ወደ ውጭ እንዲሆን አጥፋችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱትና ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት። እንዳወጣችሁት፣ ሳይሞቅ፣ ጠርዙን በማንኪያ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ቀጭ ብሎ ይነሳል። ምንጣፍና ሶፋ ፍሪዘር ስለማይገባ በረዶውን በላስቲክ አድርጎ ላዩ ላይ መያዝ ይበቃል። ነጠላ ላይ ግን ማንኪያ አታስጠጉ። ሽመናው ስስ ስለሆነ ክሩ ይመዘዛል፤ በጣት እየሰባበሩ ማንሳት ይሻላል።

ዘይት ሥራው ሌላ ነው። ማስቲካውን አያደርቀውም፣ ያላላዋል። መብራት ጠፍቶ በረዶ ከሌለ የምግብ ዘይት ሁሉም ቤት አለ። ለመስታወት፣ ለሴራሚክና ለፀጉር ከበረዶ ይበልጣል። ጨርቅ ላይ ግን ራሱ እድፍ ይሆናል። ግድ ከሆነ ማስቲካው ከለቀቀ በኋላ፣ ውኃ ሳይነካው፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አፍስሳችሁ እሹትና በሞቀ ውኃ እጠቡት። ሐርና ቆዳ ላይ ዘይት ባይሞከር ይሻላል።

በየትኛውም መንገድ፣ ርዝራዡ ሳይለቅ ካውያ አታሳርፉበት። ሙቀቱ ያቀልጠውና ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል።