አጓቱን ማን ጠጣው?

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ቤታችን የእርጎ ላቦራቶሪ ሆኖ ነው የከረመው። ባለቤቴ ሰልችቷታል። ፍሪጁ ውስጥ ለጎመን እንኳ ቦታ ጠፍቷል። ልጆቹ ግን ደስ ብሏቸዋል። 55 ቀን ሽሮ ሲበላ የከረመ ልጅ እርጎ አይጠላም።

ነገሩን የጀመሩት አማቴ ናቸው። የሚኖሩት ሐሙሲት ነው። ለበዓሉ ባሕር ዳር መጥተው ሳለ ከደንበኛዬ ወተት ቤት የገዛሁትን እርጎ አቀረብኩላቸው። መሀል ከተማ ያለ ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። አማቴ በማንኪያ ነካ አደረጉት። ከዚያ ሳህኑን ዘንበል አደረጉት። እርጎው ንቅንቅ አላለም። ቀና ብለው አዩኝና፣

«የዚህን አጓት ማን ጠጣው?» አሉኝ።

ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ኬሚስትሪ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነው። ይህን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን «እንዴት ደስ ሲል ይወፍራል!» እያልኩ ስበላ ከረምኩ።

እናም አራት እርጎ ሰብስቤ ጎን ለጎን አየኋቸው። አንዱ ያው የደንበኛዬ ነው። ሁለተኛው የሱፐርማርኬት ኩባያ፣ ሦስተኛው ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ያለች አንዲት ስም የለሽ ቤት እርጎ፣ አራተኛው የአማቴ።

ከግምገማው በፊት ስለ አጓት አንድ ነገር ልበል፤ አስተማሪ ነኝና ታገሡኝ። ወተት ውስጥ ኬዝን የሚባል ፕሮቲን አለ። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድነቱ መለኪያ የሆነው ፒኤች ወርዶ ወደ 4.6 ሲጠጋ ኬዝኑ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ይሆናል። ጣና ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን መረብ አስቡት። እዚህ የሚያዘው ውሃና ቅባት ነው። መረቡ ጥቅጥቅ ካለ ውሃው አያመልጥም። ከሳሳ ግን ውሃው ይሾልካል፤ አጓት የምንለው ያ ቢጫ ቢጤ ፈሳሽ ይህ ነው። ወተቱ ውሃ ከተቀላቀለበት የመረቡ ክር ያንሳል። እየረጋ ሳለ ከተነቀነቀም ይበጠሳል። በአባዱላ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ያመጣችሁት እርጎ አጓት ቢያወጣ ሻጩን አትውቀሱት። መንገዱን ውቀሱ።

ስለዚህ ላዩ ላይ ትንሽ አጓት የያዘ እርጎ አልተበላሸም። ጭራሽ ጠብ የማይለው ነው «ምን አገኘህ?» ሊባል የሚገባው።

አሁን ወደ ደንበኛዬ። ይህ እርጎ ማንኪያ ያቆማል። ነጭ ነው፤ ከላዩ የተወለወለ ይመስላል። ስታነሱት ይጎተታል፤ አፍ ላይ ለጠፍ ይላል። ልብ ብላችሁ ካጣጣማችሁት ገንፎ ገንፎ ይላል። ኮምጣጣነቱ ደካማ ነው። ሚጥሚጣ ስነሰንስበት ስለኖርኩ አልታወቀኝም ነበር። ሚጥሚጣ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል።

ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ጥቂት የአዮዲን መፍትሔ በብልቃጥ ይዤ መጣሁ። አዮዲን ስታርች (በቆሎና ድንች ውስጥ ያለው የሚያወፍር ነገር) ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ወተት በተፈጥሮው ስታርች የለውም። መጀመሪያ የአማቴን እርጎ ሞከርኩ፤ ቢጫ ቡኒ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ የገንፎ ፍርፋሪ፤ ጠቆረ። ከዚያ የደንበኛዬን እርጎ። ጠብታው እንዳረፈ ቀለም እንደተደፋበት ወረቀት ሆነ። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ እርጎው ታመመ!» ብላ ጮኸች። (የተሞከረው ማንኪያ ይደፋል እንጂ አይበላም። ቤታችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ይህን አትርሱ።)

በማግስቱ ወደ ወተት ቤቱ ሄድኩ። ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ሲያየኝ ገባው መሰለኝ።

«ቲቸር፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከፋሲካ በኋላ ወተት ከየት ይምጣ?»

እውነቱን ነው። በሁዳዴ ወተት ጠጪ ያጣል። ፋሲካ ሲገባ ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ወተት ፈላጊ ይሆናል። ላሟ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ አታይም። ወተቱ ሲያጥር ውሃ ይገባበታል፣ ውሃ የገባበት ደግሞ በደንብ አይረጋም። ያኔ የበቆሎ ስታርች በውሃ ተበጥብጦ ወተቱ ሲፈላ ይጨመርበታል። ስታርች በሙቀት ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ገንፎ የሚወፍረውም በዚሁ ነው። አጓቱን ማን ጠጣው ለሚለው የአማቴ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ በቆሎው ጠጣው።

ልጁ አንድ ነገር ጨመረ። «ደንበኛው ራሱ ነው ቲቸር። ቀጠን ካለ ይመልሰዋል።» እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ከመላሾቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ማታለሉ ግን ዕድሜ የለውም። አንድ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን አቆየሁት። ያልታከመ ተራ ስታርች ብርድ ላይ ሲቆይ የጠጣውን ውሃ መልሶ ይተፋል። በሦስተኛው ቀን ጥጥር ጥጥር ያለ ነገር ሆኖ ዳርና ዳሩ ውሃ አቁሯል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለዚህ ብለው የተሻሻለ ስታርች የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ብርዱንም አሲዱንም ይችላል። የኛ ሰፈሩ ተራው ነው።

ስታርች መርዝ አይደለም፤ ይህን ለማለት አይደለም የመጣሁት። በቆሎ ነው፣ ይበላል። የሚያናድደኝ የበቆሎ ገንፎ በወተት ዋጋ መግዛቴ ነው። ልጄ ፕሮቲን በላች ብዬ ስተኛ የበላችው ሌላ ነገር ነበር። በር ላይ «ስታርች አለበት» ተብሎ ቢጻፍና ዋጋው ቢቀንስ አሁንም እገዛው ይሆናል። እስከዚያው አልሄድም።

የሱፐርማርኬቱ ኩባያ ሮዝ ነው፣ የእንጆሪ ሥዕል አለው። ጀርባው ላይ ወተት፣ ስኳር፣ የወተት ዱቄት፣ ጄላቲን፣ የእንጆሪ ጣዕም፣ ቀለም ይላል። እንጆሪ ራሷ የለችም። አዮዲን ጠብ ሳደርግበት አልጠቆረም። ታዲያ ምን አቆመው? መልሱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። እሑድ ልጆቹን ይዤ ጣና ዳር ወረድን፣ አንዱ ኩባያ ፀሐይ ላይ ተረሳ። የሚያዝያን የባሕር ዳር እኩለ ቀን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስንከፍተው እንደ ጁስ የሚጠጣ ሆኗል። ቤት መልሼ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ላይ እንደገና ቆሟል፤ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። የጄላቲን ጠባይ ይህ ነው። ሲበርድ ይረጋል፣ ወደ ሰው ገላ ሙቀት ሲጠጋ ይቀልጣል። ምላስ ላይ ልስልስ ብሎ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። በልስላሴ ብቻ ከሆነ ከአራቱ አንደኛ ነው፤ አልክድም። ከግማሽ በመቶ ያነሰ ጄላቲን እንኳ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። አንድ ኩባያ ለልጆቻቸው ልሰጣቸው ስል አገላብጠው አነበቡና፣ «መምህር፣ ጄላቲኑ ከምን የተሠራ ነው?» አሉኝ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ከበሬም ይሆናል፣ ከአሳማም። ኩባያው አይናገርም። የኔ አዮዲንም አይነግረኝም። ኩባያውን በትህትና መለሱልኝ። እኔም አሳማ አልበላም፤ እስከዚያ ቀን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በነገራችን ላይ ልጆቻችን በጾም የሚያላምጡት ልስልስ ከረሜላም ብዙ ጊዜ ይኸው ጄላቲን አለበት።

የስኳሩ ነገር ሌላ ነው። በጣም ይጣፍጣል፤ ትልቁ ልጄ እንኳ «ከሻይ ጋር አይሄድም» አለ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት የወተት ክፍሉ ቢያንስ 2.7 በመቶ ፕሮቲን እንዲኖረው ይጠይቃል። ጣዕም ለተጨመረበት ግን ወተት ያልሆነው ነገር እስከ 50 በመቶ እንዲደርስ ይፈቅዳል። ግማሹን ማለት ነው። ቢያንስ ኩባያው የጨመረውን ጽፏል፤ ደንበኛዬ ይህን እንኳ አላደረገልኝም።

ሦስተኛዋን ቤት ለማግኘት ጭቃ መርገጥ አለባችሁ። በሩ ላይ በኖራ «ወተት አለ» ይላል፣ ሌላ ስም የላትም። ወተቱ ከአንዳሳ በኩል ነው የሚመጣው። ሴትዮዋ ደርቃቃ ናት፣ ደንበኛ አታባብልም። እንዴት እንደምታረጋው ስጠይቃት ወተቱን ረዘም ላለ ጊዜ እንደምታፈላው ነገረችኝ። «ካልተንተከተከ እርጎው ያለቅሳል» አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ልጠቀምበት ነው። ወተት 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ አጓት ውስጥ ይቀሩ የነበሩት ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ቀይረው ኬዝኑ ላይ ይለጠፋሉ። መረቡ ይጠብቃል፣ ውሃው አይሾልክም። ምንም ሳይጨመር ማለት ነው። እሳትና ትዕግሥት ብቻ።

ወተቱ ሲቀጥንባት ግን እሷም ትጨምራለች፤ የምትጨምረው የወተት ዱቄት ነው። አልደበቀችም፤ ጣሳውን አሳየችኝ። ይህ ከስታርች የሚለየው ተጨማሪ የመረብ ክር ስለሚያመጣ ነው፤ ፕሮቲኑ ያው የወተት ነው። እርጎዋ ወፈር ያለ ነው፣ በማንኪያ ሲቆረጥ ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ ቁርጡ ላይ ቀስ ብሎ አጓት ጠል ይላል። ኮምጣጣነቱ ልክ ነው። ሁልጊዜ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ሐሙስ የገዛሁት ዱቄቱ በዝቶበት ምላስ ላይ ሻካራ ነበር። ዕቃ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ደግሞ በስስ ፌስታል ነው የምትሰጣችሁ፤ ቤት ሲደርስ መረብ ይቅርና ክር አይተርፈውም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ አትልፉ፤ ያልቃል። ከደንበኛዬ በግማሽ ሊትር 20 ብር አስበልጦ ያስከፍላል። ያስከፍል።

የአማቴን እርጎ መገምገም አይገባኝም፤ ግን ገምግሜዋለሁ። በወይራ በታጠነ ቅል ሁለት ቀን ያቆዩታል። ቅባታም ነው፣ ሲነኩት ይፈርሳል፣ ላዩ ላይ አንድ ጣት አጓት አለው፣ የጢሱ ሽታ ከአፍንጫ አይወጣም። በጣዕም የሚደርስበት የለም። ወተቱን ግን አያፈሉም። ከጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታም ቲቢም ይመጣል ብዬ ስነግራቸው፣ «ሰባት ልጅ ያሳደግኩበት ነው» ይሉኛል። ከሰባቱ አንዷን ስላገባሁ ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ለልጆቼ ግን አልሰጥም። ባለቤቴም በዚህ ከኔ ጋር ናት፤ እሳቸው ፊት ግን አትናገረውም።

ባለፈው ቅዳሜ አማቴ ደግመው መጡ። ከገበያ ጀርባ በጣሳ ያመጣሁትን እርጎ ቆርሼ አቀረብኩ። እንደ ልማዳቸው ሳህኑን ዘንበል አደረጉት። ቀጭን አጓት ወደ ዳር ወረደ። ፊታቸው ፈታ አለ። አንድ ማንኪያ ቀመሱ፣ አፋቸው ውስጥ አዘዋወሩት።

«አጓቱስ አለ» አሉኝ። «ግን ይሄ ወተት አንዴ ደርቆ ነበር እንዴ?»

ስለ ጣሳው ዱቄት ማንም አልነገራቸውም።