ባዮስፌር 2 ስትሄዱ ሳንባውን ሳታዩ እንዳትወጡ

ለዓመታት ስመኘው የኖርኩትን ባዮስፌር 2ን በመጨረሻ አየሁት። ውስጡ ደን፣ ውቅያኖስና የሣር ሜዳ በትንሹ የተሠሩበት፣ አየር እንዳያሾልክ ተደፍኖ የተገነባ የምርምር ቤት ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ነው፤ ከቱሳን ከተማ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ገደማ ተነድቶ፣ ኦራክል የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። መንገዱ ሁሉ ቁልቋልና ደረቅ ቁጥቋጦ ነው። ከዚያ ድንገት ነጭ ብረትና መስታወት ብቻ የሆነ ግዙፍ ሕንፃ ብቅ ይላል። "2" የተባለው፣ አንደኛዋ ባዮስፌር (ሕይወት ያለበት ክልል ማለት ነው) ይህች የምንኖርባት ምድር ስለሆነች ነው።

እኔን የሳበኝ የሰዎቹ ታሪክ ነበር። በመስከረም 1991 እ.ኤ.አ. 4 ሴቶችና 4 ወንዶች ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ለ2 ዓመት የሚበሉትን እዚያው እያረሱ፣ ያንኑ ውሃ መልሰው መላልሰው እየጠጡ ኖሩ። ረሃቡ ቀላል አልነበረም፣ ከስተው ነው የወጡት። እዚያ ስደርስ ግን ልቤን የወሰደው ሌላ ነገር ሆነ።

የዝናብ ደኑ በር ሲከፈት መነጽሬ ወዲያው ጉም ለበሰ። ውጪው በረሃ፣ ውስጡ የራሰ አፈር ሽታ! ደኑ ለጌጥ የተተከለ እንዳይመስላችሁ። በ2019 ተመራማሪዎች ሆን ብለው ዝናቡን ከ2 ወር በላይ አቁመውበት፣ ዛፎቹ ድርቁን እንዴት እንደሚቋቋሙት ተከታትለዋል። ሜዳ ላይ ባለ ጫካ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ሰማዩን ማን ይዘጋዋል?

ውቅያኖሱ 2.6 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፣ የራሱ ማዕበል ሰሪ ማሽንም አለው። በቀለም ያሸበረቀ ኮራል ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ ብቻ፤ የመጀመሪያው ኮራል አብዛኛው ሞቷል። የሣር ሜዳውን በጥድፊያ አለፍኩት።

አሁን ወደ ሳንባው። አዎ፣ ስሙ ሳንባ ነው። ምድር ቤት ወርዳችሁ፣ ቧንቧና ሽቦ በበዛበት አልፋችሁ፣ በረጅም መተላለፊያ ስትሄዱ አንድ ሰፊ ክብ አዳራሽ ውስጥ ትገባላችሁ። ቀና ስትሉ ጥቁር ላስቲክ ተንጣልሎ፣ መሀሉ ላይ ትልቅ የብረት ዝርግ ተንሳፍፏል። ደግፎ የያዘው አየር ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀን ፀሐይ ስትመታው ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፣ ቤቱ ደግሞ ድፍን ነው፣ መሄጃ ካላገኘ መስታወቱን ይሰብራል። ስለዚህ ወደ ሳንባው ይገባና ዝርጉን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ዝርጉ ተመልሶ ይወርዳል። ቤቱ ይተነፍሳል ማለት ነው! ስንወጣ በሩ ሲከፈት ከኋላችን የመጣው ንፋስ ኮፍያዬን ሊነጥቀኝ ነበር።

ስምንቱ ሰዎች ስለተዘጉበት ሙከራ ብዙ ሰው "ያ ሙከራ ከሽፏል" ይላል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በ16 ወር ውስጥ ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ ሰዎቹ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ትንፋሽ አጠራቸው። በ1993 መጀመሪያ ላይ ኦክስጅን ከውጭ መግባት ነበረበት። ግን ኦክስጅኑ የት ሄደ? አፈሩ በብስባሽ የበለጸገ ስለነበር ረቂቅ ተሕዋስያኑ ኦክስጅኑን እየሳቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወጡ። ያ ከሆነ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በዚያው ልክ መጨመር ነበረበት፣ አልጨመረም። ለካ ኮንክሪቱ እየመጠጠ ካልሲየም ካርቦኔት ያደርገው ነበር! ያንን ግራጫ ኮንክሪት ምድር ቤት ውስጥ በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ፣ ሻካራ፣ የትም የምናየው ዓይነት። ታዲያ በሩ ባይዘጋ ኖሮ ይህን ማን ያስተውለው ነበር? ለእኔ ያ ክሽፈት ሳይሆን ግኝት ነው።

ሰዎቹ ያርሱበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን እያንዳንዳቸው 30 ሜትር የሚረዝሙ 3 ሰው ሠራሽ ተዳፋቶች ተሠርተዋል፣ አፈራቸው የተፈጨ ባዛልት ነው። ዝናብ ያዘንቡባቸውና ውሃው በየት ሰርጎ የት እንደሚወጣ በመሣሪያ ይለካሉ። ቦታውን ከ2007 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ነው።

ግማሽ ቀን መድቡለት፣ በተለይ ለምድር ቤቱና ለሳንባው። በጋ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ የውጪው ሙቀት አይቻልም። ደረጃው ብዙ ነው፣ ደኑ ውስጥ ደግሞ እርጥበት አለ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።