ቱሉ ዲምቱ፣ ቤርጋሞትን ያወቅኩበት ሽቶ ቤት

ሱቁ ስም የለውም። ከበሩ በላይ በሰማያዊ ቀለም «ሽቶ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ከአዲስ አበባው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ ከአትክልት ቤቱና ከፀጉር ቤቱ መሀል ታገኙታላችሁ። ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይቆማል። እኔ ግን ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሽቶ የምገዛው እዚያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ላውራ። አምና ደመወዝ የገባ ቀን መሀል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ አንድ ሽቶ እጄ ላይ ረጨችልኝ። ሎሚ ይመስላል፣ ግን ሎሚ አይደለም። መረር ይላል፣ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ልቤን ወሰደው። የደመወዜን ሩብ ቆጥሬ ከፈልኩ። ታክሲው ቃሊቲ ሳይደርስ ያ ሽታ ጠፋ። እጄ ላይ የቀረው የከረሜላ ጣፋጭ ሽታ ብቻ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ጠርሙሱ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነው።

የቱሉ ዲምቱው ሽቶ ሻጭ ልጅ ይህን ስነግረው በጥሞና ሰማኝ። «የወደድሽው ቤርጋሞቱን ነው እህቴ። ከሥሩ ያለውን ግን አላሸተትሽውም» አለኝ። ቤርጋሞት ከሎሚና ከብርቱካን ወገን የሆነ ፍሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቤርጋሞት ያሉ ሽታዎች ቶሎ ይተናሉ። ሽቶ አዋቂዎች ቶፕ ኖት ይሏቸዋል። ሩብ ሰዓት፣ ቢቆዩ ግማሽ ሰዓት ነው። እነሱ ሲሄዱ አበባው ይመጣል። መጨረሻ ላይ እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ቫኒላው ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ጋ ሕግ አለ። ወረቀት ላይ ይረጭላችኋል፣ በርጩማ ይሰጣችኋል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይሸጥላችሁም። ሰው ከበዛ «አትክልትሽን ገዝተሽ ተመለሺ» ይላል። ሊገዛ የመጣን ሰው ቆይ የሚል ሻጭ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ያን ቀን ከመደርደሪያው ሥር ጥቁር ብልቃጥ አወጣ። ንጹህ የቤርጋሞት ዘይት ነው። አይሸጠውም፣ ለማሳያ ነው የያዘው። ጠብታዋን ወረቀት ላይ አድርጎ ሰጠኝ። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ በጥፍር ሲጫኑት ፊት ላይ የሚረጨው ነገር መጣ። ቀጥሎ ሻይ! ለካ ኧርል ግሬይ የሚባለው ሻይ ያን ጠረን የሚያገኘው ከቤርጋሞት ነው። ከዚያ ደግሞ ለስለስ ያለ የአበባ ሽታ ተከተለ። ይህን የሚያመጡት ሊናሎልና ሊናሊል አሲቴት የሚባሉ ነገሮች ናቸው፤ ላቬንደር ውስጥም አሉ። ሎሚ ይህ የለውም። ሎሚ ስል ብሎ ይመጣል፣ እንደ ሳሙና ሆኖ ይሄዳል። ቤርጋሞት ግን ኮምጠጥ፣ መረር፣ ለስለስ ያለውን ባንዴ ይዞ ይመጣል።

ፍሬው በብዛት የሚበቅለው በደቡብ ጣሊያን፣ ካላብሪያ ባሕር ዳርቻ ነው። የሚለቀመው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ዘይቱ የሚገኘው ልጣጩ ተጨምቆ ሲሆን ለ1 ኪሎ ዘይት ወደ 200 ኪሎ ፍሬ ይፈጃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ሄድኩ። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ በርጩማውን ሰጣት። ወረቀቱን አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደገና አሸተተች። «ልጄ፣ ጤና አዳም ገብቶበታል እንዴ?» አለችው። እማዬ በረንዳችን ላይ በቆርቆሮ ጤና አዳም አላት፤ ያለሱ ቡና አትጠጣም። እኔ መስሏት ነው ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ጤና አዳምና ቤርጋሞት በዕፅዋት ሳይንስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሆነው አገኘኋቸው። ቤርጋፕተን የሚባል ነገር በሁለቱም ውስጥ አለ። ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ልጁ ንጹሁን ዘይት እጃችን ላይ አላደርግም ያለው ለዚህ ነው። ለሽቶ በብዛት የሚገባው ቤርጋፕተኑ የወጣለት ዘይት ነው። የእማዬ አፍንጫ ግን ዘመዱን ለየ። እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ሦስት ሽቶ አወዳደርን። 4711 የሚባለው ሽቶ የጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ነው። ጣሊያናዊው ፋሪና በ1709 እ.ኤ.አ. እዚያች ከተማ የጀመረውን ዓይነት ሽቶ የተከተለ ነው። ንጹህ፣ ቀዝቃዛ፣ ግን ወረቀቱ ሳይደርቅ ይጠፋል። የዲዮር ሶቫዥ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ቤርጋሞቱ ይጮኻል፣ ከሥሩ ያለውም እስከ ማታ ይቆያል። ለወንድሜ ጥሩ ነው፣ ለእኔ ግን ይበዛብኛል። ሦስተኛው የጌርላን ሻሊማር ነው፣ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣ። ላዩ ብዙ ቤርጋሞት፣ ሥሩ ቫኒላና ኦፖፖናክስ የሚባል የከርቤ ዘመድ ሙጫ። ቤርጋሞቱ ባይኖር ያ ሙጫ ይከብድ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ቤርጋሞቱ ሲሄድ የቀረው ቡና የተፈላበት፣ ዕጣን የጨሰበት ቤት ማታ ላይ የሚሸተውን ይሸታል። እማዬ ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። 5 ሚሊ በ1,200 ብር ገዛሁላት።

ጉድለትም አለው። ብልቃጦቹ ክዳናቸው ደካማ ነው፤ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሶብኛል። ሄጄ ስነግረው ሞልቶ ተካልኝ፣ ክዳኑን ግን አልቀየረም። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ ይዘጋል። ስልክ ደግሞ አያነሳም። ከመሀል ከተማ ለምትመጡ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም፤ ቅዳሜ ከ5 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል።

አሁን ኦ ሶቫዥ የሚባለውን ሌላ የዲዮር ሽቶ እየጠበቅኩ ነው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣውን። አንድ ጠርሙስ እንደሚመጣለት ነግሮኛል። ደብተሩ ላይ ሁለተኛዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።