ዴቢያን ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ፦ ዝመናውና የፎንት ፈቃዱ

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ባለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቄ ሦስቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ዴቢያን በተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን በሚያስኬደው መሠረታዊ ፕሮግራም)፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. በወጣው 12ኛ እትሙ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻና የዕድር ቃለ ጉባኤ ስለሆነ፣ አንድን ሥርዓተ ክወና የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ትናንት የተሰናዳው ገጽ ዛሬም ሳይዛነፍ መከፈቱና ፊደሉን የምጠቀምበት በባለቤቱ ፈቃድ መሆኑ። በሁለቱም ረገድ ዴቢያን እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ ይሻለኛል።

ዴቢያን አንድን እትም የረጋ ነው ብሎ ካወጣ በኋላ የደኅንነት ጥገናና የከባድ ስሕተት ማረሚያ እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርበትም፤ ስለዚህ ጽሑፍ የማሰናዳበት ፕሮግራም ሊብሬ ኦፊስ 7.4 ሆኖ ገብቶ 7.4 ሆኖ ይቆያል፣ ፎንቶቹም (የፊደል ቅርጾቹም) እንዲሁ። አዲስ ነገር የሚወድ ሰው በዚህ ሊሰለች ይችላል፤ በሰኔ የምርቃት ጥድፊያ መካከል ግን በአንዱ ኮምፒውተር የተሰናዳ ባለ 84 ገጽ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማውጫው ቁጥር አለመዛባቱ ትልቅ ዕረፍት ነው። 13ኛው እትም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲወጣ ያልቸኮልኩትም ስለዚሁ ነው። አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለውን ፓኬጅ (ዴቢያን ፕሮግራምን ወይም ፎንትን አሽጎ የሚያቀርብበትን ጥቅል) በመጫኔም አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ሁለቱ ከእርሱ ይወስዳሉ።

አንድ ማለዳ ዝመናው ተጋምሶ ሳለ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ፓኬጆችን የሚጭነውና የሚያዘምነው አፕት ሥራው መቋረጡን ነግሮኝ የምጽፈውን ትእዛዝ ራሱ አሳየኝ፤ እንዳለኝ ብጽፍ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች አስተካክሎ ጨረሰ።

ወደ ፎንቱ ስንመጣ፣ በዴቢያን እያንዳንዱ ፓኬጅ ፈቃዱ የተጻፈበትን ፋይል ይዞ ይመጣል። ነጻ የሆነው፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደው፣ ዋናው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ራሱ ነጻ ሆኖ ነጻ ባልሆነ ነገር ላይ የሚደገፈው ለብቻው ይቀመጣል። ኤሪያልንና ታይምስ ኒው ሮማንን የሚያመጣው ፓኬጅ የሚገኘው በዚህኛው ክፍል ሲሆን፣ የማይክሮሶፍት ፈቃድ ፎንቶቹን በሌላ መልክ አሽጎ ማሰራጨትን ስለሚከለክል በውስጡ አንድም ፎንት የለም፤ ሲጫን ፈቃዱን አንብበው እንዲስማሙ ጠይቆ ከኢንተርኔት ያወርዳቸዋል። እኔ ግን ሬድ ሃት የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ሊበሬሽን በተባለ ፎንት እሠራለሁ፤ የፊደሎቹ ስፋት ከነዚያ ጋር እኩል ስለሆነ መስመር አይዘልም።

ለአማርኛ የምጠቀመው አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለ የነጻ ፎንቶች ፈቃድ የተለቀቀ ነው። አንድ ቀን የቅኔ መምህር የሆኑ የኔታ የታተመላቸውን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው የ«ጸ»ን እግር በጣታቸው እየተከተሉ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ፊደል ለእኔም ኮምፒውተር ብትሰጠኝ ይፈቀዳል?» አሉኝ። የፈቃዱን ፋይል ከፍቼ አነበብኩላቸው። መገልበጥና ለሌላ መስጠት ይፈቀዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ አይቻልም፤ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው በዚያው ፈቃድ ማሰራጨት አለበት፤ በፎንቱ የተጻፈው ሰነድ ግን የጸሐፊው ነው። ፎንቱን ከነፈቃዱ በፍላሻቸው ገለበጥኩላቸው፣ የተቀበልኩትም የኅትመቱን ሒሳብ ብቻ ነው። የሰው ድካም ያለበትን ፊደል ሳልሰርቅ መስጠት መቻሌ ደስ ይለኛል።

ችግር የሚመጣው ደንበኛ በኒያላ የተጻፈ ፋይል ሲያመጣ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ፎንት ስለሆነ ወደ እኔ ኮምፒውተር ልገለብጠው አይገባም፤ በአቢሲኒካ ሲተካ ደግሞ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ገጹ ይገፋል። ስለዚህ ተማሪዎቹን፣ ጽሑፋችሁ ካለቀ በራሳችሁ ኮምፒውተር ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡት እላቸዋለሁ፤ ፎንቱ ከነሰነዱ ስለሚታሸግ እንደተጻፈው ይታተማል። ካላለቀ ግን ፎንቱን በፈቃዳቸው ቀይረን ማውጫውን አብረን እናድሳለን።

አቢሲኒካ ራሱን የቻለ ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ ደማቅ በሉት ሲባል ሊብሬ ኦፊስ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፣ የ«ጨ» እና የ«ጪ» ልዩነትም በትንሽ መጠን ይደበዝዛል። ለርእስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እመክራለሁ፤ እርሱም በዋናው ክፍል ውስጥ በዚያው ፈቃድ ይገኛል።